ስካነር አልተገኘም

ሐብተማርያም ኢንጂነር አይደለም። ይህን እውነት ናይሮቢ ካሉት ሐበሾች ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጊጊሪ ሰፈር ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ንብረት ክፍል ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሥራው አዲስ የመጡ ኮምፒውተሮችን ከካርቶን አውጥቶ ቁጥር መለጠፍ፣ ለሠራተኛ አስፈርሞ መስጠት፣ ሲያረጁ ደግሞ አስፈርሞ መረከብ ነው። ታዲያ አንድ የፋሲካ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፕሮጀክተሩ አልበራ ብሎ ሕዝቡ ሲንጫጫ፣ ሐብተማርያም ወልቆ የወደቀውን ገመድ አየና ሰካው። ግድግዳው በራ። አንዲት ሴትዮ "ኢንጂነር እኮ ነው!" አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ መጠሪያው ኢንጂነር ሆኖ አረፈው።

እሱም አላረመም። መጀመሪያ ላይ ሰው ማሳፈር መስሎት ነው። በኋላ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደስ ብሎት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ሐብተማርያም ግን ጠምጥሞ ሰባት ዓመት ኖረ፣ ማንም ፍታው አላለውም። ስልኩ እንቢ ያለው፣ ቴሌቪዥኑ የጠፋበት ሁሉ ይደውልለታል። "አጥፍታችሁ አብሩት" ይላል። ከዐሥሩ ስድስቱ ይሠራል፤ የቀሩት አራቱ ደግሞ እሱን ለመውቀስ ያፍራሉ።

እማማ ለተገብርኤል ባይደውሉለት ኖሮ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር።

እማማ ለተ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩና አማርኛቸው እስከ ዛሬ ጥርት ያለ ነው፤ ሲጨንቃቸው ብቻ ትግርኛው ቀድሞ ይወጣል። ልጃቸው ሕድሪ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። ወንድሟ ዓወት አንዱን ኩላሊቱን ሊሰጣት ተመርምሮ፣ ገጥሞ፣ ሁለቱ ተያይዘው ህንድ አገር ከሄዱ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ሆስፒታሉ ግን ሰጪውና ተቀባይዋ እውነተኛ ወንድምና እኅት መሆናቸውን የሚያጣራ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የእናትና የአባት ስም፣ የቄስ ፊርማና ማኅተም ያለበት የሁለቱን የክርስትና ወረቀት ጠየቀ። ወረቀቶቹ ደግሞ ያሉት እማማ ለተ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እማማ ለተ እንደ ማንኛውም ወረቀት አክባሪ እናት ሁለቱንም ድሮ ፕላስቲክ አስለብሰዋቸዋል። በስልክ ፎቶ ሲነሱ ነጸብራቁ መጥቶ ማኅተሙ ላይ ያርፋል። ሁለት ጊዜ ተልከው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። "በስልክ የተነሣ አንቀበልም፣ በስካነር ብቻ" ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ማስረጃ መቀበል የሚያቆመው ደግሞ በህንድ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ በናይሮቢ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያ ካለፈ የሚቀጥለው ስብሰባ ከሃያ አራት ቀን በኋላ ነው። የሕድሪ ክንድ ለኩላሊት እጥበቱ መርፌ የሚሆን ደኅና የደም ሥር ካጣ ሰንብቷል፤ ሐኪሞቹም "ሃያ አራት ቀን ረጅም ነው" ብለው ለዓወት በግልጽ ነግረውታል።

"ኢንጂነር፣ ስካነር ያለው ሰው ታውቃለህ?" ብለው ነበር እማማ ለተ በዋዜማው የደወሉት።

"እኔ አለኝ እማማ። ነገ ጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ" አለ።

አለው እንጂ፣ ስካን አድርጎበት አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ያረጀ ዕቃ ለሠራተኛ ሲሸጥ የገዛው፣ የሚያትም፣ ኮፒ የሚያደርግ፣ ስካን የሚያደርግ ባለ ሦስት ሙያ ፕሪንተር ነው። ለሁለት ዓመት ሳሎኑ ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቆይቷል።

በማግስቱ ከተማው ማንዳማኖ የሚሉት የተቃውሞ ሰልፍ ነበረው፤ ሰልፈኛው ሊወጣ፣ ፖሊሱም ሊበትን ተዘጋጅቷል። መሥሪያ ቤቱ "ከቤት ሥሩ" ብሎ ስለነበር ሐብተማርያም የቢሮ ላፕቶፑን በቦርሳ፣ ፕሪንተሩን በክንዱ ይዞ በታክሲ ኪሌሌሽዋ ሲደርስ ልክ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሾፌሩ "ከስድስት ሰዓት በኋላ መንገድ አትፈልግ" ብሎት ሄደ። አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ በእጁ ነው። ለሁለት ወረቀት አምስት ሰዓት ተኩል!

እማማ ለተ ነጭ ጨርቅ ያነጠፉበትን የምግብ ጠረጴዛ አስለቀቁለት። መጋረጃውንም "ብርሃን ይግባልህ" ብለው ገለጡለት። ከመንገዱ ማዶ ካሉት ሱቆች አንዱ ሳይበር ነው፤ ሰማያዊ ሰሌዳው ላይ ፕሪንት፣ ስካን፣ ፎቶ ኮፒ ይላል። ባለቤቷ ደጃፉን እየጠረገች ነበር። ሐብተማርያም አየውና ዐይኑን መለሰ። እማማ ለተም ወደዚያው ያዩ መሰለው፤ ግን ምንም አላሉም።

"ሻይ ላፍላልህ ወደይ?" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ሥራው ይቅደም እማማ። ዐሥር ደቂቃ ነው።"

ገመዱን ሰካ። ፕሪንተሩ አጓራ፣ አረንጓዴ መብራቱ በራ። ለሙከራ አንድ ገጽ አተመ፤ ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ወጣ። እማማ ለተ እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ሳያልቅ አይባልም" አሉ። ከዚያ የሕድሪን የክርስትና ወረቀት በሁለት እጃቸው አምጥተው፣ መስታወቱ ላይ በግንባሩ አስተኙት። ሐብተማርያም ክዳኑን ገጠመና ላፕቶፑ ላይ ስካን የሚለውን ተጫነ። ክቡ ምልክት ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። በእንግሊዝኛ የወጣው መልእክት አጭር ነበር፦ ስካነር አልተገኘም።

እንዴት ነው የማይገኘው? ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተጎልቷል። አንድ ማሽን ነው፣ አንድ ገመድ ነው፤ በዚያው ገመድ አሁን ያተመ ማሽን ክዳኑ ሥር ያለውን መስታወት ግን ላፕቶፑ አላየሁም ይላል። ሐብተማርያም አጥፍቶ አበራው። አልተገኘም። ገመዱን ነቅሎ ጫፉን በሸሚዙ ጠርጎ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካው። አልተገኘም። ላፕቶፑን አጥፍቶ ሲያስነሳው "ማሻሻያ እየጫንኩ ነው፣ አታጥፋኝ" ብሎ ሃያ አምስት ደቂቃ አስቀመጠው። ተነሣ። አልተገኘም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንተርኔት ውስጥ ገብቶ ያነብ ጀመር። በዓለም ላይ ይህ የደረሰበት ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ደግሞ ድራይቨር የሚባለውን ማሽኑን ከኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም እንደ አዲስ ጫኑ ይላል። ሐብተማርያም ሊጭን ሞከረ። ላፕቶፑ "የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አስገባ" አለው። ያ የይለፍ ቃል ያለው የቢሮው ኮምፒውተር ክፍል ባለሙያዎች ዘንድ ነው፤ ለቁጥር ለጣፊ አይሰጥም። እማማ ለተ ሻይ ይዘው ሲመጡ መልእክቱን ቶሎ ዘጋው።

"እንዴት ሆነልህ?"

"እየመጣ ነው እማማ።"

እማማ ለተ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ማያውን ሳይሆን ፊቱን ነበር የሚያዩት። ሐኪም ውጤት ሲያነብ ፊቱን የሚያዩት እንደዚያ ነው። ትንሽ ቆይተው "ኢንጂነር፣ እኔ ልልህ የፈለግሁት..." ብለው ጀመሩ።

"ደረሰ እማማ፣ ደረሰ። ይቺን ብቻ ልሞክር።"

"እሺ። እሺ ወደይ" ብለው ጣታቸውን አቆላለፉ።

ላቡ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ "አልቻልኩም፣ ሳይበር እንሂድ።" መንገዱን ተሻግሮ መመለስ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን እሑድ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ያስባል፤ "ኢንጂነር ተብሎ የእማማ ለተን ስካነር እንኳ..." ሲባል ይሰማዋል። ይህን ባሰበ ቁጥር ለራሱ አንድ ሙከራ ይጨምራል። አንዱ ሙከራ ሌላውን እየወለደ አንድ ሰዓት በላ።

አምስት ተኩል ሲል ከውጭ የብረት በር ሲወርድ ተሰማ። ወዲያው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከሩቅ ፉጨትና የቩቩዜላ ጩኸት መጣ፤ እንደ ነጎድጓድም አንድ ነገር ጓ አለ። ሐብተማርያም ቀና ሲል የሳይበሯ ሴትዮ መዝጊያውን ጎትታ አውርዳ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ በፍጥነት ስትራመድ አየ። መስኮቱን ከፍቶ ሊጠራት ይችል ነበር። አልጠራትም። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ለስምንተኛ ጊዜ ነቀለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዓወት ደወለ።

"ኢንጂነር፣ ፖሌ ሳና፣ አስቸገርንህ። ዌር አር ዊ?"

"ትንሽ... ማሽኑ ትንሽ አስቸግሯል።"

"ኖ ስትረስ፣ አንተ ካለህ እኔ አልፈራም። ሕድሪ አሁን ወደ እጥበት እየገባች ነው። ክንዷ አልሆን ብሎ በአንገቷ ነው የሚያደርጉላት። ስትወጣ ተልኳል ብዬ ልነግራት ፈልጌ ነው።"

ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበርና እማማ ለተ ሰምተዋል። በአንገቷ የሚለውን ሲሰሙ ብድግ ብለው ወደ ማእድ ቤት ገቡ። መቀስ ይዘው ተመለሱ።

"ፕላስቲኩን እንቅደደው። ፕላስቲኩ ከሌለ በስልክ ይነሣል አይደል? ነጸብራቁ ይጠፋል አይደል?"

"እማማ፣ አይሆንም፣ በስልክ የተነሣ አንቀበልም ብለዋል፤ ቀለሙም ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። አብሮ ይላጣል።"

"ቅደደው እልሃለሁ! ልጄን ሊገድላት ነው ይሄ ፕላስቲክ! እኔ ነኝ ያስለበስኩት፣ እኔ ነኝ!" መቀሱን የዓወት ወረቀት ጠርዝ ላይ አስገቡ። ሐብተማርያም እጃቸውን ያዘ። የእጃቸው ቆዳ ስስና ቀዝቃዛ ነበር። ያን እጅ ይዞ መዋሸት አቃተው።

"እማማ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ኮምፒውተር አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ነው የምለጥፈው። ይህን እንዴት እንደማደርግ ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም።"

እማማ ለተ መቀሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ወረቀቶቹን በፖስታ ከተው ብብታቸው ሥር ያዙ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጫማቸውን አደረጉና በሩን ከፍተው ወጡ። ሐብተማርያም ከኋላ ተከተላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የሳይበሩ በር ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ፋርማሲው ዝግ፣ የጽሕፈት መሣሪያው ሱቅ ዝግ። ከሱቆቹ ፊት አንድ ዘበኛ ብቻ ዱላውን ይዞ ቆሟል። "ዋሜፉንጋ ዎቴ፣ ማማ" አለ፤ ሁሉም ዘግተዋል። ሐብተማርያም ሰሌዳው ላይ ባለው ቁጥር ደወለ። ሴትዮዋ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ወደ ካዋንግዋሬ እየሄደች፣ መንገዱ ከኋላዋ ተዘግቷል፣ ብትፈልግም መመለስ አትችልም። የታክሲው መተግበሪያ መኪና የለም አለ። የሚቃጠል ጎማ ሽታ እስከዚያ ድረስ መጥቷል። እማማ ለተ የሳይበሩን የብረት በር በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት፤ ከዚያ ግንባራቸውን አስደግፈውበት ቆሙ። ሐብተማርያም ባጠገባቸው ቆሞ እንባው መጣ፤ ግን የማልቀስ መብት ያለው እሱ አለመሆኑን ያውቃል።

ቤት ተመልሰው ገና በሩ ሳይዘጋ ኦቲየኖ ጋ ደወለ። ኦቲየኖ የቢሮው እውነተኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ሐብተማርያምን "ስቲከር" እያለ የሚጠራው እሱ ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ፣ ሳይደብቅ፣ እማማ ለተ እየሰሙ ነገረው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ኦቲየኖ። "ላፕቶፑ የማን ነው? የቢሮው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ብትነቅልና ብትሰካ አያየውም። የቢሮ ላፕቶፕ ማተም ይፈቅዳል እንጂ፣ ከውጭ ምስል የሚያስገባ ዕቃ በዩኤስቢ አይቀበልም። ተዘግቷል። ስካነር፣ ካሜራ፣ ፍላሽ፣ ሁሉም። አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ የምታስፈርመው? ቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ እኮ።"

ሐብተማርያም ቅጹን ያውቀዋል። በዐሥራ አራት ዓመት ለስንት መቶ ሰው "እዚህ ላይ ፈርሙ" ብሎ ጣቱን አሳርፎበታል። ጣቱ ካረፈበት መስመር በላይ ያለውን ግን አንድ ቀን አንብቦት አያውቅም።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ ኦቲየኖ። "ሌላ ላፕቶፕ ፈልግ። የማንም ይሁን፣ የቢሮ ብቻ አይሁን።"

ሰዓቱ ሰባት ከሩብ ነበር። ዓወትና ሕድሪ ላፕቶፓቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ ሌላ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሐብተማርያም ፕሪንተሩን ገመዱ እየተንጠለጠለ ታቅፎ ወደ ደረጃው ወጣ። እማማ ለተ ፖስታውን ይዘው ከኋላው። የመጀመሪያው በር ላይ ማንም የለም። ሁለተኛው በር ላይ አንድ ሰው በቀዳዳው አየና አልከፈተም፤ በማንዳማኖ ቀን ላብ ያጠመቀው ሰው የሆነ ማሽን ታቅፎ በር ሲያንኳኳ ማን ይከፍታል? "ናኦምባ ኮምፒውታ፣ ታፋዳሊ፣ ምቶቶ ምጎንጃ!" እያለ በተሰባበረ ስዋሂሊ ይጮኻል፤ ኮምፒውተር እለምናለሁ፣ ልጅ ታማለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ከፍታ ሰማችና "የቢሮ ነው ያለኝ" አለች። እማማ ለተ በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃውን በእጃቸው እየደገፉ ይወጣሉ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማዋል።

አራተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሚስስ አኪኒ አስተማሪ ናቸው፤ እቤታቸው ውለው ፈተና እያረሙ ነበር። እማማ ለተን በደረጃው ላይ ከሰላምታ በቀር አያውቋቸውም። ሐብተማርያም ነገሩን ሳይጨርስ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና የፈተናውን ክምር ከጠረጴዛው ላይ በክንዳቸው ገፉት። ላፕቶፓቸው የራሳቸው ነው። ሰዓቱ ሰባት ከሃምሳ ሆኗል።

ገመዱ ሲሰካ ላፕቶፑ ድምፅ ሰጠ። "አዲስ መሣሪያ ተገኘ" የሚል ወጣ። እማማ ለተ "ተገኘ! ተገኘ አለ?" ብለው ክንዱን ጨመደዱት። ግን ድራይቨሩ መውረድ አለበት፤ ኦቲየኖም በስልክ "ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ሌላ ነገር እንዳትነካ" አለው። ኔትወርኩ በዚያ ቀን ይንፏቀቃል። ሐብተማርያም የሚያየው ቁጥር ዐሥራ አንድ በመቶ፣ ዐሥራ አራት በመቶ እያለ ነው። ሚስስ አኪኒ ስልካቸውን መስኮቱ ላይ አቁመው ከዚያ ኢንተርኔት ሰጡት፤ ትንሽ ፈጠነ፣ እንደገና ቆመ። ስምንት ከሩብ ላይ አርባ ስምንት ነበር። እማማ ለተ በትግርኛ ድንግልን ይለምናሉ፤ ሚስስ አኪኒም በራሳቸው ቋንቋ አሜን የሚል የሚመስል ነገር ይላሉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰባ አንድ በመቶ ላይ ነበር። ማንም ሰዓቱን ጮክ ብሎ አልጠራም።

ስምንት ከአርባ ሦስት ላይ ስካነሩ በራ። ከክዳኑ ሥር ነጭ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ፣ ወረቀቱም ማያው ላይ ወጣ፤ አራቱም ማዕዘን፣ ክቡ ማኅተም፣ የቄሱ ፊርማ። ልጅ ሕድሪ፣ አባት ተኽለሚካኤል፣ እናት ለተገብርኤል። ነጸብራቅ የሚባል ነገር የለበትም። የዓወትም እንዲሁ ወጣ። ሁለቱን ለመሥራት ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሐብተማርያም ላከውና እጁን ከቁልፎቹ ላይ ማንሣት አቃተው።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ ዓወት ደወለ።

"ደርሷል። በጣም ጥርት ያለ ነው" አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ግን ፋይሉ ተዘግቷል እማ። ጸሐፊዋን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። አይ ቤግድ ሀር። ሲስተሙ አይቀበለኝም አለች። ለሚቀጥለው ነው።"

"ለሃያ አራት ቀን?" አሉ እማማ ለተ።

"ለሃያ አራት ቀን።"

እማማ ለተ የሚስስ አኪኒ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ነክቷል፤ አላነሡትም። ስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ ተሰማና ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ከእንቅልፍ የነቃ የሚመስል።

"ኢንጂነር እዚያ አለ?"

ሐብተማርያም ስልኩን ተቀበለ። "አለሁ ሕድሪ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ዋለ አለኝ ዓወት። እንግዲህ ማሽን ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።"

"ምንም አይደል" ማለት ይችል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው፤ ምላሱም ለምዶታል። እማማ ለተም ቀና ብለው እያዩት ነው።

"ማሽኑ አይደለም ሕድሪ። ማሽኑ ደኅና ነበር። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ያመጣሁት ኮምፒውተር ስካነር እንዳያይ የተዘጋ ነው። እሱን አላወቅሁም። እንደማላውቅ ግን ከጠዋት ጀምሮ አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም።"

ከእሷ ወገን የሆነ መሣሪያ ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል።

"ከቤታችን ፊት ለፊት ሳይበር አለ አይደል?" አለች።

"አለ።"

"ዝግ ነበር?"

"ክፍት ነበር።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

"እስከ አምስት ተኩል።"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "እናቴን ስጠኝ" አለች።

ሐብተማርያም ስልኩን ሰጣቸው። እማማ ለተ በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ልጃቸው የምትላቸውን አንገታቸውን እየነቀነቁ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ሐብተማርያም ስሙ ሲጠፋ ለመስማት ራሱን አዘጋጅቶ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

"አውቃለሁ" አሉ እማማ ለተ። "አውቃለሁ ልጄ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳይበሩን በመስኮት ሳየው ነው የዋልኩት። ያን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ፣ ሳይበር እንሂድ እንዴት ልበለው? አፍሬ ነው። አፍሬ ነው ልጄ።"